መናኸሪያው ላይ የተሰቀለችው ፀጉር ሠሪ

የካቲት 4

ለእህቴ ለሚጡ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። ደህና እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ምን ይሆናል? እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ስትደውዪ ስልክ የማላነሳው ታምሜ እንዳይመስልሽ። ድምፅሽን ከሰማሁ ጩኸት ብቻ ነው የሚወጣኝ፣ ጩኸት ደግሞ አይገባሽም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤውን የሚያመጡልሽ የመድኃኒቱ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ጋሽ ነገ። «መቼ ይመጣሉ?» ሲሏቸው ሁልጊዜ «ነገ» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው።

«ቢልቦርዱን አየሽው? ደስ አለሽ?» ብለሽ መልእክት ልከሽልኛል። አየሁት፣ እንዴት አላየው! ቢሮሽ መናኸሪያው መግቢያ ላይ ከቤቱ ሁሉ በላይ አቁሞታል። ጥርሴ ብቻ የቤት በር ያክላል። ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል። ከጎኔ ሦስቱ ጓደኞቼ አሉ፤ ከበታቻችን በቀይ ፊደል «ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ እናቶችን ቤት ለቤት እየሄዱ የሚደግፉ ጀግኖቻችን! እናመሰግናለን!» ይላል። ወይ ነዶ! ማን አመስግኑን አላችሁ?

ሥራዬን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ፤ ቢሮ ሲገቡ ይረሳል መሰለኝ። እኔ በዚህ ከተማ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ከአከራዬ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በዚያ ነው። በቀይ ቦርሳዬ ውስጥ ከላይ ሚዶ፣ ቅባትና ክር አለ፤ ከሥር ኪኒን አለ። ሰው ቤት ገብቼ ሹሩባ እየሠራሁ ጆሮ ሥር እናወራለን። መድኃኒትሽን ዋጥሽ? አስመለሰሽ? ለባልሽ ነገርሽው? ሹሩባ ጊዜ ይፈጃል፣ ማንም «ምን ታንሾካሹካላችሁ?» አይልም። ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው፤ አንዷ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አንዷ ለልብስ ሰፊ ልኬት ትወስዳለች፣ አንዷ ሽቶ ታዞራለች። ዘዴውን ያወጣነው ራሳችን ነን፤ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ መታየት የሚፈሩትን ሴቶች ለማግኘት ሌላ መንገድ አጥተን። ስንት ዓመት ሠርቶልናል!

አሁንስ? አሁን ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ወደ ኋላ ያስባል። «ያቺ ፀጉር ሠሪ እነማን ቤት ነበር የምትገባው?» ይላል። የእህቴን ፊት ሰቀልኩ ብለሽ ኮርተሻል፤ የሰቀልሽው ግን በዚህ እጄ የሠራሁትን ጭንቅላት ሁሉ ነው።

ፎቶውንም አወቅኩት። ልትጠይቂኝ የመጣሽ ጊዜ ፀጉርሽን ስሠራሽ፣ «እትዬ እስቲ ሳቂ» ብለሽ ያነሳሽኝ ነው። ሚዶው በእጄ፣ ቦርሳው በትከሻዬ። ቦርሳውን እንኳን ብትቆርጪው ምን ነበረበት?

አንድ ቤት አለ። የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ አማትየዋና ምራትየዋ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። አማትየዋ ነጋዴ ናቸው። ምን እንደሚሸጡም አልነግርሽም፤ ብቻ ሰው ከእጃቸው ገዝቶ የሚበላው ነገር ነው። ምራትየዋ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው በእርግዝና ምርመራ ነው። ባልየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ አያውቅም፤ ከመንገድ ሲመለስ ልትነግረው ከእኔ ጋር ቃል በቃል ስትለማመድ ነበር። አማትየዋ ብቻዋን ከቤት ስለማያስወጧት መድኃኒቷ የሚገባው በእኔ ቦርሳ ነው። ሳታቋርጥ ከዋጠች ልጁ ነጻ ሆኖ ሊወለድላት ይችላል። ካቋረጠች ግን... አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ብሮሹሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።

ቢልቦርዱ በተሰቀለ ማግስት ሄድኩ። በሩ አልተከፈተልኝም። እጇ ላይ ያለው ኪኒን ከዚህ ወር አያልፍም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ። ያን ነገር አስነሺልኝ።

ዛሬ ሰላምታ የለኝም፤
እህትሽ


የካቲት 9

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ጠረጴዛዬ ላይ ጀምሬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጨረስኩት። ዓይኔ ስላበጠ ጉንፋን ይዞኛል ብያቸዋለሁ።

«ማን አመስግኑን አላችሁ?» ላልሽው መልሱ እኔ ነኝ። ሊሰቀል የነበረው የአራት ኃላፊዎች ፎቶ ነው፣ ክራባት ያሰሩ ወንዶች። እኔ ከስብሰባው መሀል ብድግ ብዬ «በፀሐይና በጭቃ የሚዞሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ለምን እነሱ አይታዩም?» አልኩ። በሕይወቴ እንዲያ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ሲያጨበጭቡልኝ በአንቺ ኮራሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው «እህትሽ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «ፀጉር» ብዬ ስመልስ አንጀቴ ያርር ነበር እኮ።

አጥፍቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልበልና ከዚያ ተቆጪኝ። እስከ መቼ ነው የምንደበቀው እትዬ? ኪኒንን ከሚዶ ሥር መደበቁ ራሱ ነገሩን የሚያሳፍር አያደርገውም? አንድ ቀን አንድ ሰው ፊቱን ማሳየት የለበትም?

አለቃዬን ጠየቅኩት። ቢልቦርዱ እስከ ሰኔ ውል አለው፣ እርዳታ ሰጪዎቹም ሊጎበኙ ስለሚመጡ ከዚያ በፊት አይነካም አለኝ። እንደገና እጠይቀዋለሁ።

ልጅቷን በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም? አምቡላንስ ላስልክ? አማትየዋን ጠርቶ ማነጋገርስ? ቤቱ ያን ጊዜ አብረን ስናልፍ ያየሁት፣ አረንጓዴ በር ያለው ነው እንዴ?

እባክሽ ስልክ አንሺልኝ። በእናታችን።

ያንቺው ሚጡ


የካቲት 16

ሚጡ፣

አላነሳም። ከደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ደስ ብሎኛል፤ ክራባት ካሰሩት ጋር መጋጠምሽ። እሱን ለብቻው አስቀምጬልሻለሁ። ወደ ሌላው እንሂድ።

አምቡላንስ ላስልክ? አበስኩ ገበርኩ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሻል ይህ ነው። እየጮኸ መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ይቁምልሽ? ቤቱንም አትገምቺ። ብታገኚውም «አዎ» አልልሽም።

«እስከ መቼ ነው የምንደበቀው?» ትዪኛለሽ። እኔን ነው? በተወለድንበት ከተማ ቫይረሱ እንዳለብኝ በራሴ አፍ፣ በመረጥኩት ቀን ቆሜ ተናግሬአለሁ። አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ እናታችን ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ፎቶዬን ማንም አልሰቀለልኝም፣ በእግሬ ነው የቆምኩት። እዚህ ከተማ የማልናገረው አፍሬ አይደለም። እኔ ከተናገርኩ የምገባበት ቤት ሁሉ ሳይፈልግ አብሮኝ ይናገራል። ፊቴ የእኔ ነው፣ ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። የሰው በር ግን የእኔም አይደለም፣ የአንቺም አይደለም። ሴትዮዋ ራሷ ስትወጣ ነው ድፍረት የሚባለው፤ ሲያወጧትማ ገፍትረው ጣሏት ነው የሚባለው።

ስለ ምራትየዋ ጠይቀሽኛል። ሐሙስ ደግሜ ሄድኩ። ቦርሳዬን ትቼ፣ ባዶ እጄን። አማትየዋ ራሳቸው ወጡና በሩን በትከሻቸው ሞልተው ቆሙ።

«ምን ፈለግሽ?»

«የልጅቱን ፀጉር ልሠራ ነበር» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«ፀጉር የላትም።»

በብብታቸው ሥር አጮልቄ ጓሮውን አየሁት። ተላጭታለች ሚጡ። ያ ወገቧን የሚነካው፣ በጣቴ አንድ በአንድ የማውቀው ፀጉር ድራሹ የለም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላለች። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ መሬት መሬት አየች። ጎረቤት ሥራ ፈቶ ቆሟል። አማትየዋ ጮክ ብለው «እኛ ቤት ፀጉር ሠሪ አያስፈልግም!» አሉና ጠረቀሙት።

ገባሽ አይደል? ፀጉር ከሌላት ፀጉር ሠሪ አትመጣባትም። መንገዴን ከሥሩ ላጩት። ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ስመለስ ቢልቦርዱ ሥር ቆሜ በገዛ ፊቴ ላይ ድንጋይ ልወረውር ምንም አልቀረኝም፤ ትራፊክ ፖሊሷ አየችኝና አፈርኩ።

«ባልየውስ?» እንዳትዪኝ፤ ቤቱ መጥቶ ምንም ሳይሰማ ተመልሶ መንገድ ወጥቷል አሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አለቃሽን እንደገና ጠይቂው። ግን ሰኔ ብሎ ነገር አልሰማም። የልጅቷ ሆድ የእናንተን ውል አያውቅም።

እህትሽ


የካቲት 25

እትዬ፣

ጋሽ ነገ ጉድሽን ነገሩኝ። «እህትሽ ጤና ጣቢያው ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ካርቶን መሀል ነው የምታድረው» አሉኝ። እውነት ነው? አከራይሽ ቢልቦርዱን አይታ አስወጣችሽ? ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ስትሰድቢኝ ለዚህች አንድ መስመር እንዴት ቦታ አጣሽ? ስድብሽን ችዬው ነበር። ይህን ግን አልቻልኩትም።

አለቃዬ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የተናገርኩትን አልጽፍልሽም፤ ብቻ ጸሐፊው እስካሁን ኮሪደር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል። ቢልቦርዱ ይነሳል። ነገር ግን የሚያነሱት ሰዎች የሚመጡት ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ በዪኝ።

ስለ ፊትና ስለ በር የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክል ነሽ።

ብርድ ልብስ ልኬልሻለሁ። የልጅቷ ኪኒን አልቆ ይሆን? እንቅልፍ ነሳኝ እትዬ።

ሚጡ


መጋቢት 8

ሚጡ፣

ብርድ ልብሱ ደርሶኛል። ይሞቃል፤ ቀለሙን ግን ማን መረጠው፣ ዓይንሽን አሞሽ ነበር?

ስለ ቤቱ ያልጻፍኩልሽ እንዳታዝኚልኝ ነው። ካዘንሽልኝ ቁጣዬ ይበርዳል፣ እኔ ደግሞ ቁጣዬን ለሥራ እፈልገው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አከራዬ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፈሪ ናት። ዕቃሽን አውጥታ ደጅ ስትደረድረው ግን ፈሪና ክፉ አይለይም።

አዎ፣ አልቆባታል። ያለ መድኃኒት የከረመችበት ቀን አለ። የእሷን ብልቃጥ ከቦርሳዬ ሥር አላወጣሁትም፤ በሄድኩበት ይዤው እዞራለሁ፣ የምሰጥበት መንገድ ግን የለም። ሰው ልላክ ስል ማንን ልመን? በድፍረት ልግባ ስል ጎረቤቱ ሁሉ ዘበኛ ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው አዋላጃችን የተነሳችው። ታውቂያታለሽ፣ ወፍራሟ፣ ስታዋልድ ከምጥ ከያዛት ሴት ይልቅ የእሷ ድምፅ ሰፈር የሚቀሰቅሰው። ዕቃ ክፍል ውስጥ ስነፋረቅ አገኘችኝና «ሴትዮ፣ አንቺ የሠራሻት ሁሉ ቫይረሱ አለባት እየተባለ አይደል? እንግዲያው እኔንም ሥሪኝ! የት? እዚያው ከፎቶሽ ሥር!» አለችኝ። ያበደች መስሎኝ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ገበያ በሞላበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መናኸሪያው መግቢያ ላይ በርጩማ አስቀምጬ አዋላጇን መሥራት ጀመርኩ። ቀጥሎ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ ከዚያ ዘበኛዋ ኮፍያዋን አውልቃ። ልኬት የምትወስደው ጓደኛዬ ሜትሯን ይዛ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ወገቡን ትለካለች፤ ሽቶ አዟሪዋ ወንድ ሴት ሳትል አንገት ላይ ትረጫለች፤ ልባሽ ሻጯ ጨርቋን ዘርግታ ሰው ትጠራለች። አዋላጇ ደግሞ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ በተበተነ ጭንቅላቷ «ነጻ ነው! ዛሬ ሹሩባ ነጻ ነው!» እያለች ትጮሃለች። ነጻ ከተባለ ማን ይቀራል? አንዲት አስተማሪ መጣች፣ ትራፊክ ፖሊሷ መጣች፣ ሽንኩርት ሻጮቹ ሚዛናቸውን ትተው ተሰለፉ። ግማሾቹ ለምን እንደተቀመጡ አያውቁም። ግማሾቹ ግን በደንብ ያውቃሉ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ስትነሳ ወደ ላይ፣ ወደ ፎቶዬ እያየች «እንግዲህ ሁላችንም ተሠርተናል፤ ከዛሬ ወዲያ ማን ማንን እንደሚያማ እናያለን» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግም አልሞከረችም።

ጣቴ ደነዘዘ። ቁጣዬ ግን ወደ እጄ ወርዶ ሹሩባው ሁሉ ጥብቅ ጥብቅ አለ፤ ዘበኛዋ «ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጣ እኮ!» ስትል ሰው በሳቅ ሞተ።

ከዚያ ድንገት ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ቀና ስል አማትየዋ ናቸው። ስለ ቤታቸው ሲወራ ሰንብቷልና ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከለባቸው። እሳቸው ግን ማንንም አላዩም። ሻሻቸውን ፈቱ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ሽበታቸውን ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ጉንጉን ስጀምር አንገታቸውን ሳያዞሩ እንዲህ አሉኝ፤ «የላጨኋት እኔ ነኝ። ሰው ከሠራሻቸው ጋር እንዳይቆጥራት ብዬ። ያ ፎቶሽ የተሰቀለ ዕለት እያለቀሰች ሁሉን ነገረችኝ።»

እኔ ሁለተኛውን ጉንጉን ጀመርኩ።

«በሩን የዘጋሁብሽ ያ ሥራ ፈት ጎረቤት ቆሞ ስለነበር ነው። በጓሮ ዞራ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅሽ ዋልኩ። አንቺም ጅል ነሽ፣ አልመጣሽም።»

እኔን ጅል! ግን እውነታቸውን ነው፣ አልዞርኩም። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት።

«ኪኒኑ ካለቀ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ብልቃጥ እያገላበጠች ታለቅሳለች። ከቦርሳሽ ሥር ያለውን በሻሼ ጠቅልለሽ ስጪኝ። አወሳሰዱን ደግሞ እየሠራሽ በጆሮዬ ንገሪኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ አሮጊት ነኝ።»

ነገርኳቸው ሚጡ። ያን ሳሳ ያለ ሽበት እየጎነጎንኩ የቻልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጃቸውን ከመንገድ ሲመለስ ለምርመራ እንደሚያመጡትም እሳቸው ራሳቸው አሉኝ። «እምቢ ቢልስ?» ስላቸው «የወለድኩት እኔ ነኝ፤ እምቢን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ብልቃጡን የያዘውን ሻሻቸውን ጠቅልለው ተነሱና ለሰው ሁሉ እንዲሰማ «ኧረ በሕግ! ይቺ ልጅ ጭንቅላቴን ነቀለችው!» እያሉ እየተነጫነጩ ሄዱ።

እንግዲህ መድኃኒቱን ጀምራለች። ለመውለድ የቀራት ጥቂት ሳምንት ነው። ይበቃ እንደሆነ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አይነግረኝም። ስለዚህ ይቅርታሽን ገና አልተቀበልኩትም፤ ልጁ ይቀበልሽ እንደሆነ እናያለን።

እህትሽ


ግንቦት 19

ሚጡዬ፣

ሁለት ደብዳቤሽ አንድ ላይ ደረሰኝ፤ ጋሽ ነገ አንዱን መቀመጫቸው ሥር ረስተውት ነበር።

አዎ፣ ቢልቦርዱ ተነስቷል። ሸራውን አዋላጇ ለምና ወስዳ ለዶሮዎቿ ጥላ አድርጋዋለች። ዝናብ ሲመጣ በአገጬ ሥር ይጠለላሉ። አዲስ ቤትም ተከራይቻለሁ፣ ያን ቅዳሜ የሠራኋት አስተማሪ ግቢ ውስጥ፤ ስለዚህ ሌላ ብርድ ልብስ እንዳትልኪ።

ከሁሉም በፊት ለአለቃሽ መልስ ልስጥ። «ጥሩ ታሪክ ነው፤ ስም ሳንጠቅስ እንጻፈው፤ የሕፃኑን እጅ ብቻ በፎቶ እናሳይ» አለኝ፣ ምን ልበለው ብለሽኛል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እጁንም፣ እግሩንም፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅም አያገኛትም። ሴቶቹን ማክበር ከፈለገ የሕፃናቱ መከላከያ ሽሮፕ አይቆራረጥብን፤ ለጓደኞቼ ለዝናብ የሚሆን ጫማ ይግዛላቸው፤ ለቀሪው ዝም ይበል። ዝምታ ለእኛ ትልቅ ሽልማት ነው በይው። ካልገባው እኔ ራሴ መጥቼ ፀጉሩን እሠራዋለሁ።

አሁን የአንቺን ጥያቄ። ዝም ብዬሽ የከረምኩት አኩርፌሽ አይደለም፤ ውጤቱ እስኪመጣ ብዬ ነው። ወልዳለች። ወንድ ነው፣ ጩኸቱ አዋላጇን እንኳን ያሸነፈ። ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ሽሮፑን የሚያጠጡት አማትየዋ ናቸው፤ አንድ ጊዜ እንኳን ሲረሱ አላየሁም። ባልየውም ተመርምሯል። የእሱን ውጤት እንዳትጠይቂኝ፣ የእሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት የልጁ ወረቀት ከላቦራቶሪ ደረሰ። ምራትየዋ በዋናው በር ገባች፤ ባሏ ከጎኗ፣ ልጁ በደረቷ፣ ራሷን ሳትሸፍን። ፀጉሯ ገና ሚዶ አይዝም። ማንም ግቢ ብሏት፣ ማንም ጠርቷት እንዳይመስልሽ፤ በገዛ እግሯ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያነብላት እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ነጻ ነው ሚጡ። ገና ደግሞ ይመረመራል፣ ጡት እስኪጥልም እንጠብቀዋለን፣ ዛሬ ግን ነጻ ነው።

ተቀብላ ታቅፈዋለች ብለው ልጁን ሰጡኝ። እኔ ግን መልሼ ሰጥቻቸው ዕቃ ክፍል ገባሁና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ የደስታ መስሎታል። ደስታም አለበት፣ አልዋሽሽም፤ የሚበዛው ግን ንዴት ነው። ያ ሙቅ ክንድ፣ ያ የሚንፈራገጥ እግር፣ ለአንድ ምስጋና ብለን ልናስበላው ነበር እኮ! አሁንም ያልከፈቱልኝ በሮች አሉ፣ ነገም ሄጄ አንኳኳለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ። ንዴቱ ግን ከይቅርታው ጋር አብሮ ይኖራል፣ ልመጂው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእህቴ ነው እንጂ ለቢሮሽ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።